ከማማው ላይ «አለሁ» የሚለው ድምፅ

በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር አለ። «9፡10። ዝናብ ጀመረ። ድምፁ አልተለወጠም። በጣም ጥሩ።» ይላል። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ መስመር በታች ገጹ ባዶ ነው። የዚያን ቀን የቀረውን ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም። ዛሬ ልሞክረው ነው።

በጋዜጠኝነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፣ ገደል የገባ አውቶቡስ ዘግቤያለሁ፣ ጥይት ሲያፏጭ መሬት ላይ ተኝቼ ጽፌያለሁ። ባልደረቦቼ «አንቺ እንኳ አትደነግጪም» ይሉኛል። እደነግጣለሁ፤ ግን ስደነግጥ ሰዓቴን አይቼ የማየውን መጻፍ እጀምራለሁ። ልማዴ ነው። ለብዙ ዓመት ጠብቆኛል። ያን ቀን ግን አንድ ሰው ሊሞት ሲል እኔ ሰዓቴን እያየሁ እጽፍ ነበር።

የምሠራበት መጽሔት ዕቃ የሚፈተሽበት ዓምድ አለው። ምድጃ፣ የፀሐይ መብራት፣ ስልክ እየወሰድን ሻጩ የሚለውንና ዕቃው የሚሠራውን እናስተያያለን። አንድ ቀን አዘጋጁ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የብሉቱዝ ስፒከር አኖረ። ከአንድ ሊትር የውሃ ላስቲክ ትንሽ የሚያጥር፣ ጥቁር፣ ድቡልቡል ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ ውሃ እንደማያስገባ፣ አቧራ እንደማይጎዳው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይሞላ እንደሚጮህ ተጽፏል።

«መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጣይውና ፎቶ አንሺው» አለኝ።

«መዋኛ ገንዳ ያለው አንባቢ ስንት ነው?» አልኩት።

ወዲያው በሐሳቤ የመጡት ጋሽ ይማም ናቸው።

ጋሽ ይማምን ያወቅኋቸው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ስለ ግሪሳ ወፍ ልዘግብ ሸዋ ሮቢት በወረድኩ ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላ የሚያርሱ፣ ስልሳን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። በዚያ ቆላ ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ይመጣል። ገበሬው በእርሻው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራና ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ይጮሃል። ጋሽ ይማም ያን ጊዜ ሲያናግሩኝ ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ነበር።

«ማሽላዬን አተረፍኩ፤ ጉሮሮዬን ግን ወፍ በላው» አሉኝ።

እና ይህ ውሃ የማያስገባ ዕቃ ለእሳቸው ቢጮህላቸውስ? ለአንባቢ የሚጠቅም ፈተና ይሄ ነው ብዬ ደወልኩላቸው። ሳቁ። «ነይ፣ ይዘሽው ነይ። ከእኔ የሚብስ ድምፅ አይኖረውም» አሉ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ደረስኩ። ባለቤታቸው ደብረ ሲና ያለች ልጃቸው ወልዳ ለመጠየቅ ወጥተው ነበርና ጋሽ ይማም ብቻቸውን ናቸው። ያን ቀን ዕቃውን ብቻ ስንፈትን ዋልን። የመስኖ ቦይ ውስጥ ጣልኩት፤ ተንሳፈፈ። ድንጋይ አስሬ አሰጠምኩት፤ ከስልኬ ይሰማ የነበረው ዜና ወዲያው ተቋረጠ፤ ብሉቱዝ ውሃ ውስጥ አይገባም።

«ዜና አንባቢው ሰጠመ! ኢናሊላሂ!» አሉ ጋሽ ይማም።

ስናወጣው ከስልኩ ጋር ራሱ ተገናኝቶ ካቆመበት ቀጠለ። «ወይ ጉድ፣ ሞቶ ተነሣ» ብለው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ቀጥዬ ርቀቱን ለካሁ። በሜዳ ላይ ከስልኩ አርባ እርምጃ ርቆ ይሠራል። ማሽላ ውስጥ ሲገባ ግን አሥራ አራት እርምጃ ላይ ይቆራረጣል፤ እርጥብ አገዳ ያንን ሞገድ ይበላዋል። ስለዚህ ለማማ የሚሆነው በስልክ ሳይሆን በሚሞሪ ካርድ ማጫወት ነው። ይህንንም ጻፍኩ።

አሁን ስለ አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

በዚያ አካባቢ ማማ ላይ ያለ ሰው ወፉን ጮኾ ሲያበቃ የጎረቤቱን ስም ይጠራል። «ሉባባ! አለሽ ወይ!» ይላል። ጎረቤቱ «አለሁ!» ብሎ ይመልስና ቀጣዩን ይጠራል። እንዲህ እያለ ጥሪው ከማማ ወደ ማማ ይዞራል። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ሰው ካለ፣ ጎረቤቱ ወንጭፉን ጥሎ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ ጋሽ ይማም «ቆላ ነዋ» አሉኝ። የወባ ንዳዱ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ እባቡ አለ፤ ማሽላ ደግሞ የወደቀ ሰው ይደብቃል።

ረቡዕ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ጉሮሯቸው ገና ሳይደክም፣ ድምፃቸውን ቀዳሁ።

«ሃይ! ሃይ! ውረድ አንተ ሌባ! የማንን ላብ ልትበላ ነው! ሂድ ወደ መጣህበት!» ጅራፉን አጮሁ። ከዚያ ዝም አሉ።

«በቃ?» አልኳቸው።

«በቃ።»

«ሁልጊዜ 'አለሁ' ይሉ የለም እንዴ?»

ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። «እሷን ተያት። እሷ ለወፍ አይደለችም። ለሰው ናት።»

«ጋሽ ይማም፣ ፈተናው ሙሉ መሆን አለበት። ጎረቤቶችዎ ሲጠሩዎት ካልመለሱ ወዲያው ያውቁብናል። ከርቀት ከሰው ድምፅ ይለያል ወይስ አይለይም፣ ማወቅ የምፈልገው ይሄንን ነው።»

አገጫቸውን አከኩ። «ካልሽ እሺ። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አሉና ወደ ስልኬ ጎንበስ ብለው «አለሁ!» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጥርት ያለ፣ የጎልማሳ ድምፅ ነበር።

ያን ቀረጻ እየደጋገመ እንዲዞር አድርጌ ካርዱ ላይ ጫንኩት። ከጥሪ እስከ ጥሪ መሐል ጥቂት ጸጥታ ተውኩ። ስምምነታችን ይህ ነበር፤ አንድ ሰዓት ላይ እሳቸው ማማው ላይ ይከፍቱታል። ወፉ በሙቀት ሰዓት ጥላ ውስጥ ስለሚገባ ለዙሁር ሶላት ይዘጉታል፤ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ይከፍቱታል። ለማንም አይናገሩም። እኔም ውጤቱን እንዳላበላሽ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማማቸው አጠገብ አልደርስም።

«ሉባባን ላታልላት?» አሉ እንደ ጎረምሳ እየሳቁ። «ወላሂ ይቺ ብቻ ትሳካልኝ!»

እትዬ ሉባባ በቀጥታ ትይዩ ያለው እርሻ ባለቤት ናቸው። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃሉ፤ በመሐል ክረምት ክረምት ውሃ የሚሄድበት አሸዋማ ቦይ አለ፤ በዳሩ ያሉት ዛፎች ስለሚጋርዱ ከማማ ማማ ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማማው ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ድንጋይ ሲወነጭፉ ወፍ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸሻል። ስለ ወፍ ልጽፍ ነው ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውም አልነበረም።

ልክ አንድ ሰዓት ላይ ድምፁ ከወዲያ ተነሣ። እትዬ ሉባባ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይማም ዛሬ ምን በልቶ ነው? ያ ጉሮሮው ተመለሰ እንዴ?» አሉና እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው «ይማም! አለህ ወይ!» ብለው ጠሩ።

ጥቂት ቆይቶ «አለሁ!» አለ።

ጻፍኩ። «1፡05። ጎረቤት አላወቀችም።»

ረፋዱን እንዲሁ አለፈ። አንዴ እትዬ ሉባባ ሳይጠሩ «አለሁ!» ሲል፣ «ማን ጠራህ አንተ! የከተማ ሴት መጣች ብሎ እኮ ነው የሚንጠራራው» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ፈተናው ተሳክቷል።

ዙሁር ደረሰ። ከሌሎቹ ማማዎች ድምፅ ጠፋ። ወፉም የለም። እትዬ ሉባባ ሰግደው ጥላ ውስጥ ጋደም አሉ። ከጋሽ ይማም ማማ ግን ድምፁ አልቆመም። ሰዓቴን አየሁ። «6፡15። አልተዘጋም» ብዬ ጻፍኩ። ዘንግተውት ተኝተዋል ብዬ አሰብኩ። መሄድ እችል ነበር፤ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልቀርብም ብያለሁ፤ ለራሴ የሰጠሁትን ቃል ደግሞ አላፈርስም። በዚያ ፈንታ ርቀቱን ልለካ ተነሣሁ። ወደ አስፋልቱ እየሄድኩ በየመቶው እርምጃ እየቆምኩ አዳመጥኩ። «6፡40። አምስት መቶ እርምጃ፣ ይሰማል።» «7፡30። ባትሪው ጠንካራ።»

እነዚያን ሦስት መስመሮች ዛሬም አያቸዋለሁ። አንድ ነገር እንደተበላሸ ሦስት ጊዜ፣ ከነሰዓቱ፣ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። አላነበብኩትም እንጂ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ እትዬ ሉባባ ማማ ተመለስኩ። ወፉ እንደገና ተነሥቶ ነበርና ሁሉም ይጮሃል። በደብረ ሲና በኩል ተራራው ጠቆረ። ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ አቧራው ሸተተ፣ ከዚያ ከባድ ከባድ ጠብታ ማሽላው ላይ ይወርድ ጀመር። ግሪሳው አንድ ላይ ተጠቅልሎ ጠፋ። ማማዎቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ። እትዬ ሉባባ የላስቲክ ሸራ በሁለታችን ላይ ዘረጉ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ውሃ ቀድቼ ልረጨው ያሰብኩትን ሰማይ ራሱ ረጨልኝ። ያን መስመር የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው። «በጣም ጥሩ።»

«ሃይ! ሃይ! ውረድ አንተ ሌባ!» አለ ድምፁ ከዝናቡ ውስጥ።

እትዬ ሉባባ ቀስ ብለው ከሸራው ሥር ወጡ። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ አላበሱትም።

«በዝናብ ማን ይጮሃል?» አሉ።

ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

«ወፉ እኮ የለም። በዝናብ ማን ይጮሃል? ይማም ደግሞ ዝናብ ሲነካው እንደ ጫጩት ነው የሚኮራመተው። አርባ ዓመት አውቀዋለሁ።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ይማም! ዝናብ ነው እኮ! ምን ሆነሃል!»

ከወዲያ በኩል ጅራፍ ጮኸ። ጸጥ አለ። ከዚያም ያ ጥርት ያለ ድምፅ «አለሁ!» አለ።

እትዬ ሉባባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ማማው ተንቀጠቀጠ። «አዑዙ ቢላህ! ወይ ንዳድ ይዞት ቀባጠረ፣ ወይ ደግሞ ይሄ እሱ አይደለም።»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። «እትዬ ሉባባ፣ እሳቸው አይደሉም። ማሽን ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ድምፃቸውን ቀድቼ…»

ጨርሰው አልሰሙኝም። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ተተከለ።

«እሱስ የት ነው ታዲያ?»

ሥራዬ መጠየቅ ነው። እንደዚያ አጭር፣ እንደዚያ የሚያስፈራ ጥያቄ ግን ጠይቄ አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸውን ስሰማ ውዬ ሰውየውን አንድ ጊዜም አላየሁም። ሰዓቴን አላየሁም።

ከማማው እንዴት እንደወረድን አላስታውስም። አሸዋማው ቦይ ውስጥ ድፍርስ ውሃ መሄድ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሽላ ከራሳችን በላይ ነው፤ ከሁለት እርምጃ በላይ አይታይም። እትዬ ሉባባ በዱላቸው አገዳውን እየመቱ ከፊት ይሄዳሉ።

«መሬቱን እየረገጥሽ ነይ! ይስማሽ!» አሉኝ። የሚሰማው ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅሁም። በዝናብ ጊዜ እባብ ከጉድጓዱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ ፈተና ሆነ። እርጥብ ቅጠል ጉንጬን በመታኝ ቁጥር ወደ ኋላ እዘላለሁ።

ድምፁ እየቀረበ ሄደ። እየቀረበ ሲሄድ ፍርሃቴ ባሰ። ከላይ ጤነኛ ሰው ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ ጅራፍ ያጮኻል። እትዬ ሉባባ «ይማም! ይማም!» ሲሉ ከላይ ያው ድምፅ «ሂድ ወደ መጣህበት!» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ሁለታችንም ቆመን አዳመጥን። ማሽኑ ዝም ባለበት በዚያች አጭር ጊዜ፣ ከሥር፣ ከመሬት፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ያለ ነገር ተሰማ። ማሽላው ግን እርጥብ ነበር።

ጋሽ ይማም ከማማው ሥር በጎናቸው ወድቀው ነበር። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው አብጦ የሌላ ሰው እጅ መስሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ጠቁሯል። ከንፈራቸው አመድ ለብሷል። አስታውከዋል። ዓይናቸውን ገልጠው እትዬ ሉባባን አዩ።

«ስንቴ ጠራሁሽ» አሉ።

«አለሁ እያልከኝ!» ብለው እትዬ ሉባባ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። «አለሁ እያልከኝ እኮ ነው ይማም!»

ከላያችን ማሽኑ «አለሁ!» አለ።

«ዝጉልኝ» አሉ ጋሽ ይማም። «በአላህ፣ እሱን ዝጉልኝ።»

መሰላሉን ወጣሁ። እንጨቱ ረጥቦ ያንሸራትታል። ማማው ወለል ላይ ስፒከሩ ቆሟል። በዙሪያው አምስት የአፈር ጓል ተፈርፍሯል። አንዱ ልክ ከጎኑ ነው ያረፈው። የምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። በወንጭፍ የሚበር ወፍ የሚጥሉ ሰው፣ ቀኝ እጃቸው ሲከዳቸው በግራቸው አፈር እየወረወሩ የራሳቸውን ድምፅ ዝም ሊያሰኙ ሞክረው ስተዋል።

ቁልፉን ተጭኜ ዘጋሁት። የባትሪው መብራት ከአራቱ ሦስቱ በርቶ ነበር። ማየት አልፈለግሁም፤ ግን አየሁ።

የሆነውን በኋላ ነው የነገሩን። ማማ ላይ የሚውል ሰው መሬት ላይ አይተኛም፤ ይህን የዚያ አገር ሕፃን ያውቃል። ጋሽ ይማም ግን የሚጮህላቸው አገኙ። ረፋዱ ላይ ወረዱ፣ በጥላው ውስጥ ጋደም አሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ የውሃ ጀሪካኑን ሊያነሡ እጃቸውን ሲሰዱ እፉኝት ነደፋቸው። ሊነሡ ሞክረው ዞረባቸው። ጮኹ። በዚያ በተበላ ጉሮሮ የሚወጣው ጩኸት ከላያቸው ያለውን የጠዋት ድምፃቸውን መብለጥ አልቻለም። «ሁለት ይማም ሆንን» አሉኝ። «ደህነኛው እየጮኸ የታመመውን ዋጠው።»

እትዬ ሉባባ ሻሻቸውን ፈትተው የጋሽ ይማምን ክንድ ጥብቅ አድርገው ሊያስሩ ተነሡ። «ምላጭ! ምላጭ ያለው የለም?» ይላሉ።

«አይሆንም!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ከዓመታት በፊት አንድ የጤና ባለሙያ ስለ እባብ ንድፊያ ሳነጋግር፣ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ አታጥብቁ፣ ሳታነቃንቁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ አድርሱ ማለቱን ጽፌ ነበር። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ያን ቀን የጠቀመው ያ የድሮ ማስታወሻ ብቻ ነው። ሁለት አገዳ ቆርጠን እጃቸውን ላላ አድርገን በሻሹ አሰርነው፤ የጣታቸውንም ቀለበት ልናወጣ ታገልን፤ እምቢ አለ።

ከዚያ እትዬ ሉባባ ቆሙና እሪ አሉ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከአንዲት ሴት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ዝናቡ ውስጥ ከሩቅ አንድ ማማ መለሰ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። አራት ወንዶች ማሽላውን እየሰነጠቁ ደረሱ። ቃሬዛ አልነበረም፤ የማማውን መሰላል ነቅለው ጋቢ አንጥፈው አስተኟቸው። ቦዩ ውስጥ ስንደርስ ውሃው ጉልበት አልፏል። መሰላሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲሻገሩ እኔ ከኋላ ሆኜ የጋሽ ይማምን እግር ይዣለሁ። እግራቸው በረዶ ነበር። አስፋልት ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመልን።

በመንገድ ላይ እትዬ ሉባባ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት። «ይማም፣ አለህ ወይ?»

ጋሽ ይማም ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድምፅ የለም። እትዬ ሉባባ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ይቆያሉ፣ ከዚያ ቀና ይላሉ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይጠይቃሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ቀና ብለው ፊታቸውን እስከማይ ድረስ እስትንፋሴን እይዛለሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ቀን ምንም የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ይላል። እጁ ማበጡን ቀጠለ፤ ድዳቸው ደማ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ቀለበቱን ልናወጣ የታገልንበትን፣ 6፡15ን፣ 6፡40ን አስባለሁ። ባለቤታቸው ከደብረ ሲና ወርደው መጡ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ማሽኑንም ነገርኳቸው። ምንም ሳይናገሩ አልፈውኝ ገቡ። ልክ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ሉባባ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ሰዓት ወዲህ አላናገሩኝም ነበር።

«ማሽንሽ ጎበዝ ነው» አሉኝ። «እኔን አታለለኝ። ወፉን ግን አላታለለም። ረፋዱ ላይ ወፉ የይማም ማሽላ ላይ ሲያርፍ አይቼዋለሁ። እየጮኸበት ያርፋል። ደክሞት ወንጭፉን ትቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ወፉ ሰው እንደሌለ አውቋል። እኔና አንቺ ነን ያላወቅነው።»

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ «ይተርፋሉ» አለ። ሁለት ጣታቸው ግን አልተረፈም፤ የቀኝ እጃቸው ጠቋሚና መሐል ጣት። ወንጭፍ የሚለቀቀው በእነዚያ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ግምገማዬን ጻፍኩ። ውሃ አይገባበትም፤ ተረጋግጧል። አቧራ አልጎዳውም። ከስምንት ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ጮኾ ባትሪው ብዙም አልተነካም። ብሉቱዙ በማሽላ ውስጥ ደካማ ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ እየደጋገመ ሲጮህ ግሪሳ በግማሽ ቀን ይለምደዋል። መጨረሻ ላይ የሆነውን በአጭሩ አስቀመጥኩ።

አዘጋጁ አንብቦ «የመጨረሻውን አንቀጽ አውጪው፤ ዓምዱ ስለ ዕቃ ነው፤ ዕቃው እኮ ምንም አልተበላሸም» አለኝ።

«ችግሩ አለመበላሸቱ ነው፤ ጩኸታቸውን የዋጠው እሱ ነው» አልኩት። «ግን በዝናቡ ተበላሽቶ ቢሆን ቶሎ እንደርስላቸው ነበር ማለት አልችልም፤ በዝናብ ሁሉም ዝም ይላል። ውሃ የማያስገባ ባይሆን ኖሮ እስከ ማታ አናውቅም ነበር። ሁለቱንም ጻፍኩ። እንዳለ ይውጣ።»

እንዳለ ወጣ።

ለእናንተ የምለው ብዙ የለኝም። ማሽኑን አልከስስም፤ የተባለውን ሁሉ አደረገ። እኔ ግን ሰው ለሰው ብቻ ያስቀመጣትን አንዲት ቃል፣ ባለቤቱ «ተያት» እያሉኝ፣ ለፈተናዬ ሙሉነት ወሰድኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ሰው «እሱን ተይው» ካለኝ እተወዋለሁ። በስልክ «ደህና ነኝ» ሲሉኝ ደግሞ ቀላል አይመስለኝም። ለእናቴ ከዚያ በፊት በሳምንት አንዴ ደውዬ «ደህና ናት» እል ነበር። አሁን ሄጄ አያታለሁ። እናንተም ድምፁን ብቻ እየሰማችሁ «አለ» የምትሉት ሰው ካላችሁ፣ መንገዱ ሦስት መቶ እርምጃም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ለመሄድ ዝናብ አትጠብቁ።

ጋሽ ይማም ከሆስፒታል ሲወጡ ስፒከሩን ልወስደው ስል አልሰጥም አሉኝ። «በምን ልወነጭፍ? አሁን ነው የሚያስፈልገኝ» አሉ የታሰረ እጃቸውን እያሳዩኝ። «'አለሁ'ን ብቻ አውጪልኝ። እሷን ራሴ እላታለሁ።» አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ እያዩኝ፣ ከቀረጻው ላይ ቆርጬ አጠፋኋት። አሁን ጅራፉንና ስድቡን በየቀኑ ቦታ እየቀያየሩ ያጫውታሉ፤ መሬት ላይም አይተኙም።

ዘንድሮ በመስከረም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወልኩላቸው። ስልኩ ተነሥቶ ድምፅ አልነበረም፤ ላስቲክ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ይሰማል። ስልኩን ሳልዘጋ ለመሄድ ብድግ አልኩ። ከዚያ እንደ ደረቅ ቅጠል ያለ ድምፅ መጣ።

«ዝናብ ነው» አሉ ጋሽ ይማም። «ዝም ብለን ተቀምጠናል።»